የኋላ ማርሽ

አይተርፌ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያን ስም የሚያውቁት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። አይተርፌ ያሉት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ሰውየው ፈትቶ ከገጠመው ነገር ሁሉ አንዲት ቡሎን እንኳ ተርፋው ስለማታውቅ። ሌላው መካኒክ ሞተር አውርዶ ሲመልስ አንድ ሁለት ፍሬ ዕቃ ይተርፈዋል፤ ግራ ቀኝ አይቶ በጫማው ጫፍ ወደ ጥግ ገፋ ያደርጋትና "ይቺ ለጌጥ ነበረች" ብሎ ያልፋል። አይተርፌ ዘንድ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም። ሥራ ሲጀምር ነጭ አንሶላ ያነጥፋል። የፈታትን ዕቃ ሁሉ በተፈታችበት ተራ እዚያ ላይ ይደረድራል፤ ሲገጥም ከመጨረሻዋ ይነሳና ወደ መጀመሪያዋ ይመለሳል። አንሶላው ባዶ ሲሆን አራግፎ ያጥፈዋል። አንሶላው ሳይታጠፍ መኪና ከግቢ አይወጣም፤ ባለቤቱ አልቅሶ ቢለምንም አይወጣም።

አንሶላው የሚስቱ ነው። ከቤት ሲወስደው አላስፈቀዳትም፤ ስትጠይቀውም "ነገ እመልሰዋለሁ" ብሏታል።

ነገ የዚህ ሰው ትልቁ በሽታ ናት። የከተማውን መኪና ሁሉ ዛሬውኑ ጠግኖ ይለቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ለነገ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ "ነገ አየዋለሁ።" የሳሎኑ በር ብድግ ካላደረጉት አይዘጋም፤ "ነገ አየዋለሁ።" ያልጋቸው አንድ እግር ተሰብሮ በምትኩ አሮጌ ፒስተን ቆሞበታል፤ እሱንም ያቆመችው ሚስቱ ናት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ኮት። ከእናቷ የወረሰችው የእግር ማሽን ባለፈው ዓመት ክር እየበጠሰ ሲያስቸግራት፣ የታመመችውን ዕቃ ራሷ ነቅላ ሰጠችው። "ነገ አየዋለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ በእጇ ነው የምትሰፋው፤ ጣቶቿ ወንፊት ሆነዋል።

አንድ ምሽት ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ በልቧ የተጠራቀመውን ነገረችው። እሱ ደግሞ የአንድ አውቶቡስ ሞተር የሚያሰማው ሲርታ ከጆሮው አልወጣለት ብሎ፣ ከቀበቶው ይሁን ከሌላ እያሰላሰለ ነበር። ተናግራ ስትጨርስ ቀና አለና "ነገ አየዋለሁ" አላት። እሷ ማንኪያዋን አንስታ አጠበች፤ በማግስቱ ለታላቅ ወንድሟ ደወለች።

ታላቅ ወንድሟ ሾፌር ነው፤ የራሱ ከባድ የጭነት መኪና አለው፤ ያውም አውቶማቲክ። የሚኖረው ከዚህ ሁለት ከተማ አልፎ፣ በተወለዱበት ከተማ ነው። ቤተሰቡ በግትርነቱ የታወቀ ነው፤ ከአባታቸው ጀምሮ የያዙትን አይለቁም። ሾፌሩ በተለይ አንድ ሕግ አለው፤ የተጫነ ዕቃ መድረሻው ሳይደርስ አይወርድም። አንድ ጊዜ በስህተት የሌላ ሰው ሶፋ ጭኖ ሲሄድ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰው ቢነግሩት፣ "ተጭኗላ! አንዴ ተጭኗል!" ብሎ እስከ መጨረሻው ወስዶ፣ አውርዶ፣ እንደገና ጭኖ መልሶታል።

ይህ ሰው ማለዳ መጣና አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ድስቱን፣ የማይሠራውን ማሽን ጭኖ በገመድ ጠፍንጎ አሰረ። እህቱን ጋቢና ከጎኑ አስቀመጠ። ከዚያም የት ቢሄድ ጥሩ ነው? ቀጥ ብሎ አይተርፌ ጋራዥ። ጋራዡ እዚያው መንገድ ላይ፣ ከቤታቸው ጥቂት በሮች ወረድ ብሎ ነው።

"መንገዱ ሩቅ ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ደግሞ ጊዜው ደርሷል" አለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "ቀይርልኝና እንሂድ።"

አይተርፌ አፉ ተከፍቶ ቀረ። "ወንድም ጋሼ፣ ሚስቴን ይዘህብኝ ለመሄድ መኪናህን እኔ ላዘጋጅልህ?"

"ታዲያ ለማን ልስጠው? ይኼን ካምቢዮ ካንተ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም። እህቴን ማንም በነካካው መኪና ጭኜ ገደል ልክተታት?"

አይተርፌ ቱታውን ለበሰ።

መሄዷን አይፈልግም። ይህን እኔ በግልጽ ልናገረውና እፎይ ልበል፤ እሱ እስኪናገረው ብንጠብቅ ዓመት ይሞላናል። ይህን የሚናገርበት አፍ ግን አልተፈጠረለትም። ያለው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከጋራዡ ጉድጓድ በላይ አስቆመ፤ አንሶላውን አፋፉ ላይ አነጠፈ፤ መብራቱን ይዞ ወረደ። ሚስቱ ከጋቢናው ንቅንቅ አልልም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። እሱ ከታች ሆነ፣ ከእሱ በላይ እሷ፣ ከሁለቱም በላይ ደግሞ እስከ ትናንት አብረው የተኙበት አልጋ እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ታስሯል።

አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ አለቀ። የካምቢዮውን የታች ሳህን፣ እነሱ ኮፓ የሚሉትን፣ ቡሎን በቡሎን ፈትቶ አወረደና በተራ ደረደረ። ፊልትሮውን አወጣ። ፊልትሮው ላይ ሰማያዊ የክር ብጥስጣሽ ተጠምጥሞበታል።

"ይኼ ካምቢዮ ጨርቅ መብላት ጀመረ እንዴ?" አለ ለራሱ። ከዚያ መብራቱን ቀና ሲያደርግ አያት።

በሁለት ቱቦዎች መሀል፣ እንደ ቤቱ ባለቤት ተደላድላ ተቀምጣለች። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ናት። አንድ ጫፏ እንደ ወፍ አፍ ሾሏል፤ መሀሏ ላይ አጭር ዘንግ አላት፤ ዘይት አሽቷት ታብለጨልጫለች። አይተርፌ ዓይኑን ጨፍነው አንድ ጥርስ ቢሰጡት የየትኛው ካምቢዮ እንደሆነ በጣቱ ዳብሶ የሚናገር ሰው ነው። ይቺን ግን አያውቃትም። ነቀላት፤ ገለባበጣት፤ አሸተታት። ማሽተት ምን ይፈይዳል አትበሉ፤ ግራ የገባው ሰው የማያደርገው የለም። አንሶላው ላይ ከሁሉም መጨረሻ አስቀመጣት።

አዲሱን ፊልትሮ ገጠመ፤ ኮፓውን መለሰ፤ አዲስ ዘይት ሞላ። አንሶላው ላይ እሷ ብቻ ቀረች።

እዚህ ላይ የሰውየውን ሌላ ሕግ መናገር አለብኝ። ተፈትቶ የሚተርፍ ዕቃ የለም ይላል፤ ደግሞም የማላውቀውን ዕቃ አልገጥምም ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ሕጎች ተጣልተው አያውቁም ነበር። አሁን እንደ ሁለት ጎረምሳ ተናንቀው እሱ መሀል ቆሞ ቀረ።

ባትላሜራውን ጠራው። ባትላሜራው በጋራዡ የተጎዳ በርና ኮፈን በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና፣ ካምቢዮ የሚባል ነገር የማይገባው፣ አስተያየት ግን አጥሮት የማያውቅ ሰው ነው።

"ወልዷል" አለ ዕቃዋን እንዳየ።

"ምን?"

"ካምቢዮው ነዋ። አየህ፣ ትንሽ ናት፤ ገና ጥርስ አላወጣችም።"

"አንተን የጠራሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛው።"

"እሺ፣ ካልወለደ ያለሷ ሞክረው። ከሄደ ትርፍ ናት፤ ካልሄደ የቤት ልጅ ናት።"

ይህ እንኳ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ደህና ነገር ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ የፊት ማርሽ አስገባ፤ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ የለም።

"ወንድም ጋሼ" አለች ሚስቱ ከግድግዳው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ይኼ መኪና ከእኔ ባል ጋር ነው መሰለኝ የዋለው። ሲነግሩት አይሰማም።"

የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ግን ሰተት ብሎ ሄደ። አይተርፌ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ላብ አጠመቀው። ያን ሁሉ ዘይት እንደገና አወረደ፤ ጨረቃ መሳይዋን ካገኘበት ቦታ መለሰ፤ ገጠመ፤ ሞላ። የፊት ማርሽ ገባ፤ መኪናው እንደ ፈረስ ዘሎ ሄደ። እንደገና አወጣት፤ እንደገና እምቢ አለ። ሥራ ከመሆኑ በላይ ስድብ ነበር። የፋብሪካውን መጽሐፍ ገለጡ፤ እያንዳንዷ ቀለበት ሥዕሏ ከነቁጥሯ ተቀምጧል፤ እሷ የለችም።

ሰው ተሰበሰበ። የመለዋወጫ ሻጩ ከማዶ ሱቁን ክፍት ትቶ መጣ። ይህ ሰው "የለም" የሚል ቃል በሱቁ ተነግሮ አያውቅም እያለ የሚፎክር ነው። ዕቃዋን በጣቶቹ ይዞ በብርሃን አያት፤ በጥልቀት ራሱን ነቀነቀ።

"አውቃታለሁ። የግራዋ ናት።"

"የግራዋ ምን?" አለ አይተርፌ።

"የቀኟ አልቃለች። የግራዋ ሰኞ ትገባለች።"

"እኮ ምን የምትባል?"

"ስሟን ሰኞ ከሳጥኗ ላይ እናነበዋለን" አለና ኮራ ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የሚገርመውን ልንገራችሁ፤ አይተርፌ በአንድ በኩል ደሙ ፈልቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ የገነባው ስም አውራ ጣት በምታክል ብረት ሊናድ ነው። በሌላ በኩል ግን በልቡ ደስ ብሎታል። አንሶላው ካልታጠፈ መኪናው አይወጣም፤ መኪናው ካልወጣ ሚስቱ አትሄድም። ማንም ባያየው ኖሮ ያቺን ብረት ይስማት ነበር።

ሾፌሩ ግን ሞኝ አይደለም።

"ከገባች መኪናው ይሄዳል፤ ከወጣች አይሄድም። ታዲያ ምን ቀረህ? ክተታትና ልሂድበት።"

"ምንነቷን ሳላውቅ? ሚስቴን በማላውቀው ዕቃ ላይ አስቀምጬ ልስደዳት?"

"አሁን ነው የምታስብላት? ሆን ብለህ ነው አይደል? አንተ ነህ የሸጎጥካት!"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እኔ ካምቢዮ ውስጥ እጄን ለማታለል አልሰድም!"

ባትላሜራው በመሀላቸው ገባ። "ተዉ እንጂ፣ አውቶማቲክ ነው እኮ፤ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚያደርገውን ማን ያውቅበታል?"

አይተርፌ አፈረ። ሆን ብሎ እንዳልሸጎጣት እርግጥ ነው፤ ግን እንዲያ የመሰለ ደስታ በልቡ ስለነበር የሸጎጣት ያህል ተሰማው። ቀና ብሎ ወደ ጋቢናው ተመለከተ፤ የሚታየው የሚስቱ ክርን ብቻ ነው። ልሂድ ያለች ሴት በብረት አትያዝም ሲል አሰበ። "እሺ፣ እገጥማታለሁ" አለ ድምፁ ሰልሎ።

በዚህ ጊዜ የጋቢናው በር ተከፈተ። ሚስቱ ወረደች። የመጣችው ወደ ባሏ አልነበረም።

"አንሶላዬን ረስቼው ነበር" አለች ለወንድሟ። "ይኼም የእኔ ነው፤ ይጫን።"

ጎንበስ ብላ ጫፉን ልታነሳ ስትል እጇ በአየር ላይ ቀረ።

"ጨረቃዬ!" አለች።

አይተርፌ እሱን የጠራችው መስሎት ዘወር አለ። "እ?"

እሱን አልነበረም። ብረቷን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ታብሳት ነበር፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። "የማሽኔ ጨረቃ! እናቴ ጨረቃዋ ነበር የምትላት። የታችኛውን ክር የምታነሳው እሷ እኮ ናት!" ከዚያ ቀና ብላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ባሏን አየችው። "በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልዬ በደረት ኪስህ የከተትኩልህ። ጫፏን ትንሽ ሞርድልኝ ብዬ።"

አይተርፌ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ኪሱ አፉ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ለዚያም ቢሆን "አምጣው ልስፋልህ" ስትለው "ነገ" ብሏት ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ያኔም ይኸው መኪና፣ ያኔም ይኸው ጉድጓድ ነበር። ኮፓውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ላይ ሲያነሳው ጥቅሏ ሹልክ ብላ ገብታለች። ጨርቁን ዘይቱ በላው፤ ጨረቃዋ መኖሪያዋን መርጣ ተቀመጠች። እሱ ደግሞ ያን ጥቅል አንድ ቀን እንኳ ገልጦ ስላላየው፣ ፊት ለፊት ቢያያት አላወቃትም።

"ነገ አየዋለሁ ብለኸኝ ነበር" አለችው። "ይኸው አየሃት። ነገ ደረሰች ማለት ነው።"

ባትላሜራው ሊስቅ ብሎ ወደ ሳል ለወጠው።

እሷ ማንንም አልጠበቀችም። ጎማውን ረግጣ ጭነቱ ላይ ወጣች፤ በገመዱ መሀል እጇን አስገብታ ጨረቃዋን ከቦታዋ መለሰች፤ ክር አጠለቀች፤ አንድ ሰማያዊ ቁራጭ አስገብታ ረገጠች። ማሽኑ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ መሀል ሆኖ ይንኳኳ ጀመር። ክሩ አልተበጠሰም። ካምቢዮው ዓመት ሙሉ በትኩስ ዘይት ሲያሻት ኖሮ ጫፏን እንደ መስታወት አለስልሷታል። ባሏ ያልሠራውን የወንድሟ መኪና ሠርቶላት ኖሯል። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

"ደስ ይላል" አለ ሾፌሩ ከታች ሆኖ። "አሁን መልሺያት። ያለሷ መኪናው ወደ ፊት አይሄድም።"

"ያለሷ ማሽኔም አይሰፋም።"

"እንጀራዬ ነው እኮ መኪናው!"

"የእኔስ ምንድን ነው?"

"መኪናው ለምዷታል፤ በቃ" አለ ባትላሜራው በሐዘኔታ።

ሌላ ቤተሰብ ቢሆን ዕቃው ይወርድ፣ መኪናው ይመረመር፣ ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፍ ነበር። እነዚህ ግን የያዙትን የማይለቁት ናቸው። እህት ጨረቃዋን አልሰጥም አለች። ወንድም የተጫነ አይወርድም አለ። ተፋጠጡ። በመጨረሻ ሾፌሩ ስፖኪዮውን በእጁ አስተካክሎ መሪውን ጨበጠ።

"በኋላ ማርሽ እንሄዳለን።"

"እስከ ቤት?" አለ አይተርፌ።

"እስከ ቤት። የኋላ ማርሽም ማርሽ ነው።"

አንሶላው ባዶ ነበር። አይተርፌ የገዛ ሕጉ ያዘው። ጫፍና ጫፉን ይዞ አራገፈው፤ እጥፍ አደረገው፤ እንደገና አጠፈው። እንዲህ ቀስ ብሎ አንሶላ ያጠፈ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ ከጭነቱ ወርዳ ጋቢና ለገባችው ሚስቱ በመስኮቱ ሰጣት፤ እሷም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

መኪናው ኋላውን አስቀድሞ ከግቢ ወጣ። ባትላሜራው ሳይለምኑት ከኋላ ሆኖ እጁን እያወናጨፈ "ና! ና! ግራ ስበር! መልስ! ና!" ይላል። ሾፌሩ አንገቱ እስኪጣመም ወደ ኋላ ዞሯል። እሷ ግን የምትዞርበት ምክንያት የላትም። ሰው ትቶህ ሲሄድ ጀርባውን ነው የምታየው፤ በኋላ ማርሽ የሚሄድ ሰው ግን ፊቱን አይነሳህም። በጋቢናው መስታወት ውስጥ ፊቷ እንዳለ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኗ ዓይኑ ላይ እንዳረፈ፣ ቀስ እያለች ራቀችው። ከተጋቡ ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

አልቻለም። ተከተላት። እሱ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ለፊት እየሄደ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ለሚያይ ሰው እየገፋ የሚያባርራቸው ይመስል ነበር። "ኧረ በገዛ እጁ ገፍቶ እየሸኛት ነው!" አለች አንዲት ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ። የኋላ ማርሽ አይፈጥንም፤ ጥቂት ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ መስኮቷ ጋ ደረሰ። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ።

"ምን ተረፈህ?" አለችው።

"ያን ምሽት የነገርሽኝን አልሰማሁም።"

"አውቃለሁ።"

"እንደገና ንገሪኝ።"

ባትላሜራው "ቀኝ ስበር!" ሲል ተሰማ። እሷም አንሶላውን በእጇ እየጨመደደች ተናገረች።

"ከአንተ ጋር እየኖርኩ ብቻዬን ነኝ፤ ይኸው ነው ያልኩህ። ስለ ማሽን አልነበረም። ስለ ቧንቧም አልነበረም።"

ያቺ የለመዳት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። አየኋት እላችኋለሁ፣ ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። መኪናው እየሄደ፣ እሱም ከጎኑ እየተራመደ፣ የሰማውን ነገር እንደ አዲስ ዕቃ በልቡ አገላበጠው።

"ብቻሽን ነበርሽ" አላት። "እኔ እዚያው ተቀምጬ የለሁም ነበር። አሁን ሰማሁሽ።" እጁን ከበሩ ላይ አላነሳም። "አትሂጂብኝ።"

"አደባባዩ ደረሰ፣ እጅህን አንሳ!" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

እጁን አነሳ። መኪናው ወደ ኋላ እያለ ወደ አደባባዩ ገባ፤ የመኪና ጡሩንባ ከየአቅጣጫው ተንጫጫ፤ ፊቷ ከአንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጀርባ ገብቶ ጠፋ።

አይተርፌ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ብድግ ካላደረጉት የማይዘጋ በር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧና ወለሉ መሀል ብቻውን የቆመ ፒስተን ነው። ቧንቧውን ዛሬ እሠራዋለሁ አለ። ለማን እንደሚሠራው አላወቀም፤ ቢሆንም ዛሬ እሠራዋለሁ አለ።

የቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ከበስተኋላው የጡሩንባው ጫጫታ እንደገና ተነሳ። ዞሮ አየ። መኪናው አደባባዩን ዞሮ ብቅ ብሏል፤ የሚታየው ግን ኋላው ነው። ቀይ መብራቱ፣ የጭነቱ በር፣ ሦስት እግር ያለው አልጋ። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኋላው ከታየማ ፊቱ ወዲያ ነው። ጨረቃዋን ለመኪናው ሰጥታለች፤ የፊት ማርሹ ገብቷል፤ ማሽኗን እንኳ ትታ ከእኔ መራቅን መረጠች ብሎ አሰበ። ዓይኑ እንባ ስላቀረረ መኪናው ተድበሰበሰበት።

በእጁ ጠርጎ ሲያይ ታርጋው ተነበበ። ቀድሞ ታርጋው አይነበብም ነበር።

የአልጋው እግሮች እየረዘሙ መጡ። የገመዱ ቋጠሮ ተለየ። ቀጥሎ ባትላሜራው በላብ ተጠምቆ፣ ጀርባውን ለአይተርፌ ሰጥቶ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ "ና! ና! ቀጥ በል!" እያለ ከጭነቱ በር በኩል ታየ። ከጋቢናው መስኮት የሾፌሩ ድምፅ መንገዱን ሞላው።

"የተጫነ አልወረደም! መድረሻው ነው የተቀየረው! ሰምታችኋል? አልወረደም!"

አይተርፌ ተነሳ። ሮጦ በሩን ብድግ አድርጎ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከዚያ መንገዱ መሀል ገብቶ፣ ባትላሜራውን በትከሻው ገለል አድርጎ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

"ነይ!" አለ። "ነይ! ነይ! ቀጥ ብለሽ ነይ!"